የዋጉ ንጉሥ፦ በሰው ብዛት ነግሠው በመድፍ የወደቁት አፄ ተክለ ጊዮርጊስ

ከሰቆጣ ደጋ ወደ ሰሜን እየወረደ የሚሄድ መንገደኛ የገብስና የስንዴውን ማሳ ከኋላው ትቶ፣ ማሽላ ወደሚበቅልበትና የፍየል መንጋ ወደሚሰማራበት የአበርገሌ ቆላ ይገባል። የተከዜ ሸለቆ ሙቀት የሚሰማው በዚህ ነው። አበርገሌ በአንድ ወገን ከዋግ ደጋ ጋር፣ በሌላ ወገን ከተምቤን ጋር የተሳሰረ ምድር ነው። የዋግ ገበሬና የተምቤን ገበሬ በገበያ፣ በጋብቻና በፍየል ንግድ ሲገናኙበት ኖረዋል። በ1863 ዓ.ም ግን ይህ ቆላ በሁለት አማቾች መካከል የቆመ ምድር ሆነ። በደቡብ በኩል የዋግ ተወላጁ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ፣ በሰሜን በኩል የተምቤኑ ሹም የምርጫ ልጅ ደጃዝማች ካሳ ነበሩ። አንደኛው የሌላውን እህት አግብተዋል። አንደኛው ብዙ ሠራዊት ነበራቸው፤ ሌላው ደግሞ ከአውሮፓ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች የወጣ መድፍና ጠመንጃ። የኢትዮጵያ ዙፋን ወዴት እንደሚሄድ የተወሰነው በዚህ ልዩነት ነው።

አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ከመንገሣቸው በፊት ዋግሹም ጎበዜ በመባል ይታወቁ ነበር። አባታቸው የዋግና የላስታ ገዥ የነበሩት ዋግሹም ገብረ መድኅን ሲሆኑ እናታቸው ወይዘሮ አይቸሽ ተድላ ይባላሉ። የዋግ ሹሞች ትውልዳቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥራሉ። በአገሩ የሚነገረው ትውፊት እንደሚለው፣ መንግሥቱ ከዛጉዌ ወደ ሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት ሲዛወር ዋግ ለዛጉዌ ዘር ርስት ሆኖ ቀረ፤ ዋግሹሙም ነጋሪት የማስመታትና በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በዙፋን የመቀመጥ መብት ተጠበቀለት። በዚህ የተነሣ ዋግሹም መሆን ከአንድ አውራጃ ገዥነት ከፍ ያለ ክብር ነበረው። ጎበዜ በእናታቸው በኩልም የሰሎሞናዊ ነገሥታት ተወላጅ በመሆናቸው፣ ሁለቱ ታላላቅ የዘር ሐረጎች በአንድ ሰው ላይ ተገናኙ።

ይህ ክብር ግን በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከመከራ አላዳናቸውም። ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም ከነገሡ በኋላ የየአገሩን ባላባት አንድ በአንድ ከሥልጣን እያወረዱ አገሪቱን በአንድ እጅ ለማድረግ ተነሡ። ዋግሹም ገብረ መድኅንም በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ተሰቀሉ። ልጃቸው ጎበዜ ሸፈቱ። የዋግና የላስታ ተራሮች፣ የተከዜ ገደላ ገደሎችና የአገሩ ሕዝብ ለሸፍታው መጠጊያ ሆኑ። በ1850ዎቹ መጨረሻ ላይ ሸፍታው ጎበዜ ዋግንና ላስታን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ሰፊ አገር የሚያዝዙ፣ የቴዎድሮስን ግዛት ከሰሜንና ከምሥራቅ ያጠበቡ ታላቅ ባላጋራ ሆነው ነበር።

ቴዎድሮስ የሕዝቡ ልብ እየራቃቸው ሲሄድ ተስፋቸውን የጣሉት በመድፍ ላይ ነበር። ከደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው ጋፋት፣ ወንጌልን ለመስበክ ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ሙያ ያላቸው ሚስዮናውያንና ሌሎች የውጭ አገር ባለሙያዎች ሰፍረው ነበር። ቫልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር፣ ኪንስለን፣ ማየር፣ ሞሪትስ ሆል እና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ ከእነዚህ መካከል ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ መንገድና ሠረገላ ካሠሯቸው በኋላ መድፍ እንዲያቀልጡላቸው አዘዟቸው። መድፍ የማቅለጥን ሙያ የሚያውቅ ባይኖርም ደጋግመው ሞከሩ። ማቅለጫውን ከሸክላ ሠሩ፤ ነሐስ ሰበሰቡ፤ ሲከሽፍባቸው እንደገና ጀመሩ፤ በመጨረሻም ተሳካላቸው። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ትልቁ ሴባስቶፖል የተባለው ሞርታር ነው። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። በገበሬ ቋንቋ ወደ 70 ኩንታል ማለት ነው።

ጋፋት የዚያ ዘመን የኢትዮጵያ የመከላከያ ኢንዱስትሪ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም። መንግሥት ፈላጊ ሆኖ፣ ባለሙያ ሠሪ ሆኖ፣ የአገሩ ሕዝብ ጉልበቱንና ቀለቡን አዋጥቶ በአንድ ቦታ ተገናኝተዋል። ችግሩ ሙያው ገና ከጥቂት የውጭ አገር ሰዎች እጅ ወጥቶ በአገር ልጅ እጅ ሥር አለመስደዱ ነው። ሌላው ችግር ደግሞ መድፉ የሚያነጣጥርበት ጠላት የአገሩ ሰው መሆኑ ነበር። ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ በየገደሉ መንገድ እያስጠረቡ፣ ወራት ፈጅተው መቅደላ አደረሱት። በዚያ ጉዞ ላይ ሳሉ ከሠፈራቸው ውጭ ያለው አገር አብዛኛው በሸፍቶች እጅ ነበር። ዋግሹም ጎበዜም ቀን እየጠበቁ ነበር።

በዚህ መካከል ሦስተኛ ኃይል ከባሕር ማዶ መጣ። ቴዎድሮስ የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን በማሰራቸው የእንግሊዝ መንግሥት በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራ ጦር ላከ። የጦሩ ብዛት ወደ 13,000 ወታደር ሲሆን የሚከተለው አገልጋይና አጓጓዥ ደግሞ ወደ 26,000 ይደርስ ነበር። በቀይ ባሕር ዳርቻ በዙላ ወደብ ተሠራ፤ ከወደቡ ወደ ተራራው ግርጌ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ የቴሌግራፍ ሽቦ ተተከለ፤ የባሕር ውኃን ወደ ንጹሕ ውኃ የሚቀይሩ መሣሪያዎች በመርከቦች ላይ ሠሩ። ከባድ መድፎችን የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከህንድ መጡ። የእግረኛው ወታደር ስናይደር የተባለ፣ ከበስተኋላ የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ይዞ ነበር። ስናይደር በጦር ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተነው በዚህ ዘመቻ ነው። የአገሩ ሰው ያየው አንድ ጦር ቢሆንም፣ ከጦሩ ጀርባ የቆሙት የመርከብ፣ የሐዲድ፣ የመድፍና የጥይት ፋብሪካዎች ነበሩ።

እንዲህ ያለ ጦርም ቢሆን ከዙላ እስከ መቅደላ ያለውን ተራራማ አገር ያለ አገሬው ፈቃድ ማለፍ አይቻለውም ነበር። እህል፣ ገብስ፣ ሣር፣ ማገዶና የጭነት ከብት ያስፈልገዋል። ናፒየር ለዚህ የሚከፍሉትን የማርትሬዛ ብር በብዛት ይዘው መጥተዋል። በየካቲት 1860 ዓ.ም በትግራይ ከደጃዝማች ካሳ ጋር ተገናኝተው ተነጋገሩ። ካሳ ለጊዜው የዋግሹም ጎበዜን የበላይነት ተቀብለው ከቆዩ በኋላ በትግራይ ራሳቸውን የቻሉ ጎልማሳ መሪ ነበሩ። የእንግሊዝ ጦር በሰላም እንዲያልፍ፣ ገበሬውም እህሉን አምጥቶ እንዲሸጥ ተስማሙ፤ በምላሹ የሚፈልጉትን አስቀድመው ያውቁ ነበር። የፈለጉት ብር ሳይሆን የጦር መሣሪያ ነው።

ጦሩ ከትግራይ ወደ ደቡብ ሲያልፍ በዋግሹም ጎበዜ ግዛት በኩል ነበር የሄደው። አጎታቸው ደጃዝማች መሸሻ የእንግሊዞችን ሠፈር ጎብኝተው ተነጋግረዋል። የዋግና የላስታ ሰውም እህሉን ሸጧል፤ መንገዱንም አልዘጋም። የአባታቸውን ገዳይ ለሚወጋ ጦር ማለፊያ መንፈግ ለጎበዜ የሚታሰብ አልነበረም። ሁለቱ መሪዎች ለእንግሊዝ የሰጡት ነገር ስለዚህ ብዙም አይለያይም፤ ሁለቱም ጦሩን አሳለፉ፤ የሁለቱም ገበሬዎች ጦሩን ቀለቡ። የተቀበሉት ዋጋ ግን እጅግ ተለያየ።

በስቅለት ዓርብ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም፣ ከመቅደላ ሥር በእሮጌ ሜዳ ውጊያ ተደረገ። የቴዎድሮስ ወታደሮች ከአምባው ወርደው በጀግንነት ቢገቡም ስናይደርና ሮኬት ሜዳው ላይ አጨዳቸው። ወደ 700 የሚደርሱ ኢትዮጵያውያን እንደወደቁ ይገመታል። ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ናቸው። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ አምባው ተሰበረ፤ ቴዎድሮስም እጃቸውን ከመስጠት በራሳቸው ሽጉጥ መሞትን መረጡ። የእንግሊዝ ጦር አምባውን አቃጥሎ፣ እስረኞቹን አስፈትቶ ተመለሰ። አብረውት ከወጡት መካከል የጋፋት ባለሙያዎች ይገኙበታል። ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው በዙላ በኩል ከአገር ወጡ። በኢትዮጵያ የነበረችው ብቸኛዋ የመድፍ ማቅለጫ በዚያው ዓመት ያለ ባለሙያ ቀረች።

ናፒየር ሲመለሱ በሰንዓፈ ለደጃዝማች ካሳ ውለታቸውን ከፈሉ። 6 ሞርታሮች፣ 6 ሃውዘር መድፎችና ወደ 850 የሚጠጉ ጠመንጃዎች ከጥይትና ከባሩድ ጋር አስረከቧቸው። ለእንግሊዝ ይህ ትልቅ ስጦታ አልነበረም። ጦሩ ወደ አዲሱ ስናይደር በመሸጋገሩ የሰጣቸው አብዛኞቹ ጠመንጃዎች የቆየ ሥሪት ናቸው፤ መልሶ በመርከብ መጫኑም ወጪ ነው። ለካሳ ግን አንድ ጊዜ በሕይወት የሚገኝ ዕድል ነበር። በዚያን ዘመን በኢትዮጵያ የአብዛኛው ወታደር መሣሪያ ጦር፣ ጎራዴና ጋሻ ሲሆን ጠመንጃ ያለውም ቢሆን በክር እሳት የሚተኮስ ያረጀ ነፍጥ ይይዝ ነበር። 12 መድፍ በአንድ እጅ ከገባ የኃይል ሚዛኑ ይገለበጣል።

መድፍ ብቻውን ግን አይተኩስም። ካሳ ይህን የተረዱ ይመስላል። ከናፒየር ዘመቻ ጋር የመጣው ጆን ኪርካም የተባለ እንግሊዛዊ ወታደር ከጦሩ ጋር ሳይመለስ ቀርቶ በካሳ አገልግሎት ገባ። ኪርካም ከዚያ በፊት በክራይሚያና በቻይና ጦርነት አይቷል። የካሳን ወታደሮች በረድፍ መቆምን፣ በትእዛዝ መተኮስን፣ መድፍ መጉረስንና ማነጣጠርን አሠለጠናቸው። ሦስት ዓመት ያህል ጊዜም አግኝተዋል። መሣሪያ፣ ሥልጠናና ጊዜ ሦስቱ በአንድነት የተገናኙት በትግራይ ነው።

በደቡብ በኩል ዋግሹም ጎበዜ ከመቅደላ መውደቅ በኋላ በዚያው ዓመት አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። የግዛታቸው ስፋትና የዘራቸው ክብር ሲታይ ከእሳቸው የተሻለ ለዙፋኑ የቀረበ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ዋግ፣ ላስታና በጌምድር በእጃቸው ነበሩ። ጎንደር ገብተው በቴዎድሮስ ዘመን የተጎዱትን አብያተ ክርስቲያናት ማሳደስ ጀመሩ። ካህናቱን አከበሩ። ቴዎድሮስ በኃይል የገፏቸውን ባላባቶች በጋብቻና በሹመት ለማቅረብ ሞከሩ። እህታቸውን ወይዘሮ ላቀችን ለጎጃሙ አዳል ተሰማ ዳሩ፤ አዳልም በኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የተባሉት ናቸው። እሳቸው ራሳቸው ደግሞ የደጃዝማች ካሳን እህት ወይዘሮ ድንቅነሽ ምርጫን አገቡ። አገሪቱን በጦር ሳይሆን በዝምድና ድር ለመሥራት ያሰቡ ንጉሥ ነበሩ።

ሁለት ነገሮች ግን ጎደሏቸው። አንደኛው ጳጳስ ነው። አቡነ ሰላማ በጥቅምት 1860 ዓ.ም በመቅደላ እስር ላይ ሳሉ አርፈዋል። ያለ ጳጳስ የሚቀባ ንጉሥ ደግሞ በሕዝቡ ዓይን ሥርዓቱ ያልተሟላለት ነው። አዲሱን ጳጳስ ከግብፅ ያስመጡት ካሳ ሆኑ፤ አቡነ አትናቴዎስ በ1861 ዓ.ም መጥተው በትግራይ ተቀመጡ። ሁለተኛው ጉድለት የጦር መሣሪያ ነው። ጋፋት ባለሙያ የላትም። ምጽዋ በግብፅ እጅ ናት፤ ከምጽዋ የሚመጣው መንገድም የሚያልፈው በካሳ ግዛት ነው። የሰቆጣ ገበያ ከአፋር ምድር የሚመጣው አሞሌ ጨው ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሚከፋፈልበት ታላቅ ገበያ ነበር። ጨው ወደ ሰቆጣ ይገባ ነበር፤ መድፍ ግን አልገባም። የዋግ ንጉሥ የገበያ ሀብት ነበራቸው፤ ሀብቱን ወደ መሣሪያ የሚለውጡበት በር ግን በአማቻቸው እጅ ተቆልፏል።

ካሳ ለአፄ ተክለ ጊዮርጊስ መገዛትን ባለመቀበላቸው በሁለቱ መካከል የነበረው የጋብቻ ድር ተበጠሰ። በ1863 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ንጉሠ ነገሥቱ ታላቅ ሠራዊት አስከትተው ወደ ሰሜን ዘመቱ። የታሪክ ጸሐፊዎች የሠራዊቱን ብዛት 60,000፣ የካሳን ደግሞ 12,000 ብለው ይገምታሉ። አምስት ለአንድ ማለት ነው።

የዚህን ሠራዊት ክብደት የሚያውቀው ከሁሉ በፊት ገበሬው ነው። በዚያ ዘመን ወታደር ስንቁን በከፊል ከቤቱ ይይዛል፤ የቀረውን ከሚያልፍበት አገር ይበላል። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብቻ ቢበላ 60,000 ሰው በቀን 300 ኩንታል፣ በወር 9,000 ኩንታል ይጨርሳል። ከአንድ ሄክታር 10 ኩንታል ይገኛል ቢባል፣ የአንድ ወሩ ቀለብ የ900 ሄክታር ምርት ነው። ይህ ስሌት የፈረሱንና የበቅሎውን ገብስ፣ የሚታረደውን ከብትና ከሠራዊቱ ጋር የሚጓዙትን ሴቶችና አገልጋዮች አይጨምርም። ወሩ ደግሞ ሰኔና ሐምሌ ነው። ጎተራው የሚጎድልበት፣ የቀረው እህል ለዘር የሚወጣበት፣ በሬው በማረሻ ላይ የሚውልበት ወቅት ነው። ብዛት በጦር ሜዳ ጉልበት ቢመስልም በመንገድ ላይ ሸክም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ፈጥነው ማሸነፍ ነበረባቸው፤ ካሳ ግን በገዛ አገራቸው ላይ ሆነው መጠበቅ ይችሉ ነበር።

ሁለቱ ሠራዊቶች በዓድዋ አጠገብ በአሳም ወንዝ አካባቢ ተጋጠሙ። ቀኑ ሐምሌ 5 ቀን 1863 ዓ.ም፣ የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት ነው። ከዋግ፣ ከላስታና ከበጌምድር የወጣው ሠራዊት በቁጥሩ ተማምኖ ገፋ። የካሳ ወታደሮች ግን በኪርካም እንደሠለጠኑት ቦታቸውን ይዘው ተኮሱ፤ ናፒየር የሰጧቸው መድፎችም ሥራቸውን ሠሩ። ጋሻና ጦር የያዘ ሰው ጠላቱን ለመምታት በጣም መቅረብ አለበት፤ መድፍና ሥልጠና ያለው ወታደር ደግሞ ያን ያህል እንዲቀርብ አይፈቅድለትም። አምስት ለአንድ የነበረው ሚዛን በዚያ ክፍተት ውስጥ ጠፋ። አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ቆስለው ተማረኩ። ሠራዊታቸው ተበተነ።

ንጉሡ ከተማረኩ በኋላ ወደ ዙፋናቸው አልተመለሱም፤ ወደ ዋግም አልተመለሱም። በትግራይ በእስር ላይ ሳሉ አረፉ። የነገሡት ሦስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ደጃዝማች ካሳ በጥር 1864 ዓ.ም በአክሱም አፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብተው ነገሡ። ወይዘሮ ድንቅነሽ በአንድ ቀን ወንድማቸው አሸንፈው ባላቸው ተሸንፈው አዩ። በዋግና በተምቤን መካከል በጋብቻ የተሳሰሩ ቤተሰቦች ሁሉ፣ የአበርገሌ ሰዎችም ጭምር፣ ከዚያ ዓይነት ድልና ሽንፈት ምን እንደሚተርፍ ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልጋቸውም።

የአፄ ተክለ ጊዮርጊስን መውደቅ በመድፍ ብቻ መተርጎም ግን ታሪኩን ማጥበብ ይሆናል። ጳጳስ አለመኖሩ፣ የክረምቱ ጉዞ፣ ከልዩ ልዩ አገር የተሰበሰበው ሠራዊት በአንድ አለመሠልጠኑ ሁሉም የየድርሻቸውን አድርገዋል። መድፉ ግን እነዚህን ድክመቶች ሁሉ በአንድ ቀን አጋለጣቸው። ንጉሡ ሞኝ ወይም ፈሪ አልነበሩም። በዘመናቸው ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራበት የነበረውን የኃይል ስሌት በሚገባ ያውቁ ነበር፤ ዘር፣ ጋብቻ፣ ሹመት፣ ብዙ ሰው። የተቀየረው ስሌቱ ራሱ ነው። ከባሕር ማዶ ያለ መንግሥት ከፋብሪካዎቹ ጋር ተባብሮ የሠራው መሣሪያ ከአገር ውስጥ መሪ ጋር በተደረገ ስምምነት ሲገባ፣ የቀድሞው ስሌት ድምር አልሰጥም አለ።

አሸናፊው አፄ ዮሐንስም ቢሆኑ ከወዳጅ የተገኘ መሣሪያ የሚያስከፍለውን ዋጋ ቆይተው አዩ። ግብፅ ከምጽዋ ተነሥታ ስትወርራቸው የእንግሊዝ ወዳጅነት አልደረሰላቸውም። በኅዳር 1868 ዓ.ም በጉንደት፣ በዚያው ዓመት የካቲት መጨረሻ ላይ ደግሞ በጉራ ያሸነፉት በአገራቸው ሰው ደም ነው፤ ከዚያ በኋላ የታጠቁት ብዙ መሣሪያም ከግብፆች የማረኩት እንጂ የተሰጣቸው አይደለም። ኪርካምም በግብፆች እጅ ወድቆ በምጽዋ እስር ቤት ሞተ። በ1876 ዓ.ም እንግሊዝ በዓድዋ ከአፄ ዮሐንስ ጋር ውል ተዋዋለች፤ ብዙም ሳይቆይ በጥር 1877 ዓ.ም ኢጣሊያ በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋን ያዘች። መድፍ የሰጠ እጅ ወደቡን ለሌላ ሲያሳልፍ አላመነታም።

አፄ ምኒልክ ከሁለቱም የተማሩ ይመስላል። ከፈረንሳይም፣ ከኢጣሊያም፣ ከሌሎችም መሣሪያ ገዙ፤ በአንድ ሻጭ ላይ ብቻ አልተደገፉም። በዚህ መንገድ የተሰበሰበው ጠመንጃና መድፍ በ1888 ዓ.ም በዓድዋ ተሰለፈ። አሳም ላይ የተሸነፉት የዋግ ሰዎች ልጆችም በዋግሹም ጓንጉል መሪነት በዚያው ዘመቻ ዘመቱ። ከ25 ዓመት በፊት ኢትዮጵያዊ በኢትዮጵያዊ ላይ መድፍ ባነጣጠረበት አካባቢ፣ በዚህ ጊዜ የዋግና የትግራይ ሠራዊት በአንድ ሰልፍ ቆመ።

አፄ ተክለ ጊዮርጊስን የገጠማቸው ጥያቄ ዛሬም በዓለም ላይ አልተዘጋም። ታላላቅ መንግሥታትም እንኳ መሣሪያ ማን ይሥራ፣ ማን ይጠግን፣ ማን ያሠልጥን፣ ጥይቱ ሲያልቅ ከየት ይምጣ በሚለው ላይ ይመክራሉ። የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት፣ በአጭሩ ኔቶ፣ የአባል አገራቱን የመከላከያ ኢንዱስትሪዎች የሚያማክርበትን ቡድን ያቋቋመው እ.ኤ.አ በ1968፣ ከመቅደላ ውድቀት ልክ መቶ ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ 32 አባላት ያሉት ይህ ኅብረት መሣሪያዎቹና ጥይቶቹ አንዱ ከሌላው ጋር እንዲገጥሙ መለኪያ ያወጣል፤ ከፋብሪካዎች ጋርም አስቀድሞ ይመክራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጠመንጃ አንድ ቀን ይገዛል፤ ጥይቱ፣ መለዋወጫውና ሙያው ግን በየዓመቱ መገኘት አለበት። ካሳ ከናፒየር የተቀበሉት መሣሪያ ከነጥይቱና ከነባሩዱ ስለነበር አሳም ላይ ሠርቷል። ባሩዱ ያለቀበት መድፍ ከድንጋይ አይሻልም።

በኢትዮጵያም ቢሆን የጋፋት ሐሳብ ፈጽሞ አልጠፋም። በአምቦ አካባቢ የሚገኘው ሆሚቾ ጥይት ያመርታል። ጋፋት የሚለው ስምም ለአንድ የጦር መሣሪያ ማምረቻ ኢንዱስትሪ ተሰጥቷል። ስሙን መመለስ ትልቅ ነገር ነው፤ ከስሙ ጋር ግን የታሪኩ ሁለቱም ገጾች ይመለሳሉ። አንደኛው ገጽ አገር የራሱን መሣሪያ መሥራት መቻሉ ነው። ሁለተኛው ገጽ ደግሞ ከጋፋት የወጣው መድፍ በአገር ልጅ ላይ መዞሩ፣ ሕዝቡም ከመድፉ ባለቤት መሸሹ ነው። ዋግሹም ጎበዜ የሸፈቱት በዚያ መድፍ ላይ ነበር፤ ከነገሡ በኋላ ደግሞ መድፍ በማጣት ወደቁ።

በዋግ ሽማግሌዎች ዘንድ የንጉሡ ስም የሚነሣው በአብዛኛው በትውልድ ቆጠራና በክብር ነው፤ ከዋግ ተነሥተው የኢትዮጵያን ዙፋን የያዙ ሰው ናቸውና። በክብሩ ሥር ግን ገበሬውን የሚመለከት ሌላ ነገር አለ። የትግራይ ገበሬ በ1860 ዓ.ም የሸጠው እህል ለመሪው የድርድር ጉልበት ሆኖ ወደ መድፍ ተለወጠ። የዋግና የላስታ ገበሬ የሸጠው እህል ለጊዜው ብር አመጣ፤ ለመሪው ግን ምንም አላተረፈም። እህሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ላቡም አንድ ዓይነት ነው። የተለየው መሪዎቹ እህሉ ሲያልፍ ምን እንዲመለስ መጠየቃቸው ወይም አለመጠየቃቸው ነው። አፄ ተክለ ጊዮርጊስ የአባታቸው ገዳይ እንዲወድቅ ፈለጉ፤ ወደቀላቸው። ከዚያ ቀጥሎ ለሚመጣው ቀን የሚሆን ነገር ግን አልያዙም።

ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ አለ። ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ ለሚነግሠው ሰው የቀረው የጋፋት ቅርስ ያ ከባድ ነሐስ ነበር። ያቀለጡት እጆች በእንግሊዝ ጦር ታጅበው፣ በዋግና በላስታ ምድር አልፈው፣ ወደ ባሕር ወርደዋል። በዚያ ምድር ላይ በወቅቱ የሚያዝዙት ዋግሹም ጎበዜ ነበሩ።